የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውልና የኪራይ ጭማሪ፦ የቱላ ተከራይና አከራይ ሊያውቋቸው የሚገቡ መብቶችና ግዴታዎች

መጠለያ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚመጣ የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት ነው። በከተሞቻችን ግን የራሱ ቤት የሌለው ነዋሪ ቁጥር ቀላል አይደለም። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ አዲስ ትዳር የመሠረተው ወጣት፣ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣው ሥራ ፈላጊ ሁሉ ኑሮውን የሚጀምረው በኪራይ ቤት ነው። ለእነዚህ ዜጎች የቤት ኪራይ ከወር ገቢያቸው ላይ ትልቁን ድርሻ የሚወስድ ወጪ ሲሆን፣ ድንገተኛ ጭማሪ ወይም «ቤቱን ልቀቁ» የሚል ቃል የልጅን ትምህርት፣ የሥራ ቦታንና የቤተሰብን ሰላም በአንድ ጊዜ ያናጋል።

በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ሥር በምትገኘውና ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቱላም ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በርካታ ወጣት ሠራተኞች፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ከተማዋ መጥተዋል። ብዙዎቹ አንድ ክፍል ቤት ለሁለትና ለሦስት ተጋርተው ይኖራሉ። ከተማዋ እየሰፋች በሄደች ቁጥርም ዳር ያሉ ሰፈሮች የቤት ፈላጊው መዳረሻ ይሆናሉ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የመኖሪያ ቤት የሚከራዩና የሚያከራዩ ዜጎች ስለ ኪራይ ውል ዘመን፣ ስለ ኪራይ ጭማሪና ስለ ውል መቋረጥ ሕጉ የሚለውን እንዲያውቁ ለማገዝ ነው። መልእክቱ በአጭሩ ሲገለጽ፣ የተከራይ ዋነኛ መከላከያ በጽሑፍ የተደረገና የተመዘገበ ውል ነው። በሕግ የተደነገጉት መብቶች አብዛኞቹ በተግባር የሚሠሩት ይህ ሰነድ በእጅ ሲኖር ነው።

1. የኪራይ ግንኙነትን የሚመሩ ሕጎች

በአገራችን የቤት ኪራይን የሚመለከት ሕግ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይን፣ በተለይም የቤት ኪራይን፣ የሚገዙ ድንጋጌዎችን የያዘ ሲሆን እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ሕጉ የኪራዩን መጠን፣ የውሉን ዘመንና ሌሎች ሁኔታዎችን በአብዛኛው ለተዋዋዮቹ ስምምነት የተወ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የግል ቤት ኪራይን በሰፊው ለውጦ ብዙ ቤቶች በቀበሌና በመንግሥት ድርጅት አማካይነት እንዲተዳደሩ አድርጓል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የግል ኪራይ ገበያ እንደገና ሲስፋፋ፣ ጭማሪን የሚገድብ ዝርዝር ሕግ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ጊዜያዊ እርምጃዎች ግን ተወስደዋል። ለምሳሌ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝን ለመከላከል በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ አከራዮች ተከራይን ከቤት እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ተከልክለው ነበር። አስቸኳይ ጊዜው ሲያበቃ ክልከላውም አብሮ አበቃ።

ቋሚ ሕግ የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል አደራረግን፣ የውል ዘመንን፣ የቅድሚያ ክፍያን፣ የኪራይ ጭማሪንና የውል መቋረጥን በዝርዝር ደንግጓል። ዓላማው የአከራይንና የተከራይን ጥቅም ማመጣጠን፣ ተገቢ ያልሆነ የኪራይ ንረትን መከላከልና ግንኙነቱ በሕግ እንዲመራ ማድረግ ነው።

አዋጁ የሚመለከተው ለመኖሪያነት የሚከራይ ቤትን ነው። ሆቴል፣ ሪዞርት፣ የእንግዳ ማረፊያና የመሳሰሉት በአዋጁ አይሸፈኑም። ለሱቅ፣ ለቢሮ ወይም ለመጋዘን የተከራየ ቤትም የመኖሪያ ቤት ኪራይ አይደለም።

2. አዋጁ በቱላ፦ አስቀድመው ሊያጣሩት የሚገባ ነጥብ

አዋጁ የፌዴራል ሕግ ቢሆንም በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ውሎችን የሚመዘግበውና አፈጻጸሙን የሚከታተለው አካልም በክልሉ ወይም በከተማ አስተዳደሩ የሚሰየም ነው፤ በሕጉ «ተቆጣጣሪ አካል» ተብሎ ይጠራል። በአዲስ አበባ የውል ምዝገባው በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አማካይነት በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ተጀምሯል። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ እንደመሆኗ ቱላ ላይ ምዝገባው የሚመራው በክልሉና በከተማ አስተዳደሩ ውሳኔ መሠረት ነው።

ስለሆነም የቱላ ነዋሪ ማናቸውንም ውል ከመፈረሙ ወይም አቤቱታ ከማቅረቡ በፊት በክፍለ ከተማው አስተዳደር ወይም በሚኖርበት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተገኝቶ የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይመከራል።

• የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል የሚመዘግበው የትኛው ክፍል ነው?
• ለምዝገባ የተዘጋጀ ሞዴል ውል አለ ወይ? ምን ምን ማስረጃ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል?
• ለዘመኑ ይፋ የተደረገ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ አለ ወይ? ካለ ስንት ነው?

መልሱን ከደላላ ወይም ከጎረቤት ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ፣ የሚቻል ከሆነም በጽሑፍ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ መውሰድ ይገባል። ተቆጣጣሪው አካል ሥራውን በአካባቢዎ ባልጀመረበት ሁኔታም ቢሆን ሕግ የለም ማለት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በአግባቡ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይና የውል ዘመን እንዲከበር ተከራይ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ከዚህ በታች በዝርዝር የሚገለጹትም የአዋጁ ድንጋጌዎች በውሉ ውስጥ በስምምነት ሊካተቱ ይችላሉ።

3. የኪራይ ውል እንዴት ይደረጋል?

ሀ) በጽሑፍ መሆን። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ ሁሉ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ ይኖርበታል። ምስክሮቹ ማንነታቸው የታወቀና ወደፊት ሊገኙ የሚችሉ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል።

ለ) መያዝ ያለበት ዝርዝር። ውሉ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢይዝ ከብዙ ክርክር ያድናል።

• የአከራይና የተከራይ ሙሉ ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር፤
• የቤቱ አድራሻ፦ ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፤ ቤቱ በግቢ ውስጥ ካሉ ክፍሎች አንዱ ከሆነም የትኛው ክፍል እንደሆነ፤
• የወር ኪራዩ መጠን በአኃዝና በፊደል፤
• ኪራዩ የሚከፈልበት ቀንና የክፍያ መንገድ፤
• ውሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፤
• በቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ ካለ መጠኑ፤
• የመብራትና የውኃ ክፍያ አከፋፈል፤ በተለይም ቆጣሪው ለግቢው ሁሉ አንድ ከሆነ ሒሳቡ በምን ስሌት እንደሚከፋፈል፤
• መጸዳጃ ቤት፣ ማብሰያ ቦታ፣ የልብስ ማጠቢያና የመሳሰሉት የጋራ አገልግሎቶች አጠቃቀም፤
• በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት፤ ቤቱን ለሌላ ሰው ማጋራት ወይም ማከራየት የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑ፤
• ቤቱ ሲረከብ የነበረበት ሁኔታ፤ ማለትም የበር፣ የመስኮት፣ የቁልፍ፣ የመብራት መስመርና የግድግዳው ይዞታ።

አንድ ክፍል ቤት ለሁለትና ለሦስት ተጋርተው የሚከራዩ ሠራተኞች ሁሉም በውሉ ላይ ስማቸው እንዲሰፍርና ሁሉም እንዲፈርሙ ማድረግ አለባቸው። ውሉ በአንዷ ስም ብቻ ከተደረገ፣ እሷ ሥራ ቀይራ ስትለቅ የቀሩት ያለ ውል ይቀራሉ።

ሐ) ማስመዝገብ። ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። አለማስመዝገብ የገንዘብ ቅጣት ያስከትላል። ለምዝገባ ሲቀርቡ የሁለቱም ወገኖች መታወቂያ፣ አከራዩ በቤቱ ላይ መብት ያለው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እና የተፈረመበት ውል ይዘው ይቅረቡ። የተጨማሪ ሰነድ ዝርዝር ከመዝጋቢው ክፍል መጠየቅ ይቻላል። ከተመዘገበ በኋላ ተከራዩ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ተቀብሎ በጥንቃቄ ማስቀመጥ አለበት።

መ) አከራዩ ባለመብት መሆኑን ማጣራት። ቤቱን የሚያከራየው ሰው ባለቤቱ ራሱ ወይም ሕጋዊ ውክልና ያለው ሰው መሆን አለበት። በውክልና የሚከራይ ከሆነ የውክልና ሥልጣኑ ማከራየትን የሚጨምር መሆኑን ማንበብ ተገቢ ነው። ደላላ አገናኝ እንጂ አከራይ አይደለም፤ የኪራይ ገንዘብም ለደላላ መሰጠት የለበትም።

4. የውል ዘመን

በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ ሊደረግ አይችልም። ይህ ድንጋጌ ተከራይ በየጥቂት ወሩ ቤት እንዲቀይር ወይም በየጊዜው የመልቀቅ ስጋት ውስጥ እንዲኖር የሚያደርገውን አሠራር ለማስቀረት የተቀመጠ ነው። ልጆቹን በአንድ ትምህርት ቤት ያስመዘገበ ወላጅ ቢያንስ ለሁለት የትምህርት ዘመን ተረጋግቶ እንዲቀመጥ ያስችለዋል።

የሁለት ዓመቱ ዘመን በዋናነት የተከራዩን መረጋጋት የሚያስጠብቅ ነው። ተከራዩ ራሱ በሥራ ዝውውር፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት መልቀቅ ቢፈልግ የሁለት ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ቢያደርግና አከራዩ መቀበሉን በፊርማው ቢያረጋግጥለት ወደፊት የሁለት ወር ኪራይ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚል ክርክር አይነሳም።

5. የቅድሚያ ክፍያና የኪራይ አከፋፈል

በቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የወር ኪራዩ 3,000 ብር የሆነ ቤት አከራይ በቅድሚያ ሊቀበል የሚችለው ቢበዛ 6,000 ብር ነው። «የስድስት ወር ካልከፈልክ አላከራይም» በማለት 18,000 ብር መጠየቅ ከአዋጁ ጋር የሚጋጭ ነው። ተከራዩ ከዚህ በላይ ከፍሎ ከሆነም የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ለተቆጣጣሪው አካል ማመልከት ይችላል።

ኪራይ በባንክ ወይም ሕጋዊ ዕውቅና ባለው የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ዘዴ መከፈል አለበት። በአቅራቢያዎ ባለ ባንክ ወደ አከራዩ ሒሳብ ገቢ ማድረግ ወይም እንደ ቴሌብር ባሉ የሞባይል ክፍያዎች መላክ ይቻላል። ይህ አሠራር ሁለቱንም ወገኖች ይጠቅማል። ለተከራዩ፣ ምን ያህል ኪራይ ይከፍል እንደነበርና እስከ መቼ እንደከፈለ የማይካድ ማስረጃ ይሆንለታል። ለአከራዩ፣ ያልተከፈለው ወር የትኛው እንደሆነ በቀላሉ ያሳየዋል።

ገንዘብ ሲልኩ በማብራሪያው ቦታ ላይ «የጥቅምት 2017 የቤት ኪራይ» እንደሚለው ያለ ግልጽ ጽሑፍ ያስገቡ። በእጅ መክፈል ግድ በሚሆንበት ጊዜም ቀኑ፣ ወሩና መጠኑ የተጻፈበት የተፈረመ ደረሰኝ ሳይቀበሉ ገንዘብ አይስጡ።

6. የኪራይ ጭማሪ

የመነሻ ኪራዩ በተዋዋዮቹ ስምምነት የሚወሰን ነው። ከዚያ በኋላ ግን አከራዩ በፈለገው ጊዜና በፈለገው መጠን መጨመር አይችልም። የአዋጁ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት ወር ወይም በስድስት ወር ልዩነት የሚጠየቅ ጭማሪ ሕጋዊ አይደለም። «የገበያው ዋጋ ጨምሯል» ወይም «ሌላ ሰው ከዚህ በላይ ሰጥቶኛል» የሚለው ምክንያትም ይህን አይለውጠውም።

ሁለተኛ፣ የጭማሪው ጣሪያ የሚወሰነው በአከራዩ ሳይሆን በተቆጣጣሪው አካል ነው። ተቆጣጣሪው አካል የአካባቢውን ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ሁኔታ ግምት ውስጥ አስገብቶ በየዓመቱ የሚፈቀደውን የጭማሪ መጠን ይፋ ያደርጋል። ይፋ የተደረገው መጠን ከመቶ 10 ነው ብለን ብናስብ፣ 3,000 ብር ይከራይ የነበረ ቤት ኪራዩ ከ3,300 ብር ሊበልጥ አይችልም። ከዚህ ባነሰ መጠን መጨመር ወይም ጨርሶ አለመጨመር ግን የአከራዩ መብት ነው።

ሦስተኛ፣ የተመዘገበ ውል ለጭማሪው ስሌት መነሻ ነው። ኪራዩ ስንት እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ የጭማሪ ጣሪያ ትርጉም ያጣል። በዚህ ምክንያት ከእውነተኛው ኪራይ ያነሰ ወይም የበዛ መጠን በውሉ ላይ ማስፈር ሁለቱንም ወገኖች ይጎዳል። ተከራይ «ለግብር ብለን 1,500 እንጻፍ፤ አንተ ግን 3,000 ትከፍላለህ» የሚል ጥያቄ ቢቀርብለት አለመስማማት አለበት። በጽሑፍ ያልሰፈረውን ትርፍ ገንዘብ በኋላ ማስረዳትም ሆነ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

አራተኛ፣ ከሕጉ ውጪ ጭማሪ ሲጠየቅ ተከራይ ኪራይ መክፈሉን ማቆም የለበትም። በውሉ ላይ ያለውን ኪራይ በወቅቱ በባንክ እያስገባ ቅሬታውን ማቅረብ አለበት። ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ፣ ጭማሪው ሕገ ወጥ ቢሆን እንኳ፣ በራሱ ጥፋት ውሉ እንዲቋረጥ ምክንያት ይሰጣል። አከራዩ የቀድሞውን ኪራይ «አልቀበልም» ካለም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ የሚቻልበት ሥርዓት አለ።

7. ውል የሚቋረጥባቸው ሁኔታዎች

የውል ዘመኑ ከማለቁ በፊት አከራይ ተከራይን ሊያስወጣ የሚችለው በሕግ በተቀመጡ ምክንያቶች ብቻ ነው። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ተከራዩ ኪራዩን በወቅቱ ሳይከፍል በሕጉ የተቀመጠው የቀናት ገደብ ሲያልፍ፤
• ቤቱን ለመኖሪያነት ተከራይቶ ያለ አከራዩ ፈቃድ ለንግድ ወይም ለሌላ ዓላማ ሲያውል፤
• በቤቱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ፤
• የጎረቤትን ሰላም በተደጋጋሚ ሲያውክ ወይም ቤቱን ለወንጀል ድርጊት ሲጠቀምበት።

ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በሌላ ሕጋዊ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ተከራዩን ወዲያውኑ ማስወጣት አይችልም። ተከራዩ እንዲለቅ ከፈለገ የስድስት ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። «ቤቱን ሸጫለሁ፤ በሳምንት ውስጥ ልቀቅ» የሚል ትእዛዝ ተከራዩን አያስገድደውም።

በማናቸውም ሁኔታ አከራይ ራሱ ዳኛና አስፈጻሚ ሊሆን አይችልም። ተከራይ ሥራ ቦታ ባለበት ሰዓት ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ መብራትና ውኃ መቁረጥ፣ ጣሪያ ወይም በር ማንሳት፣ መጸዳጃ ቤት መዝጋት፣ ማስፈራራትና መሳደብ ሕገ ወጥ ድርጊቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ድርጊት ሲፈጸም ተከራዩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የዓይን ምስክሮችን ስም መዝግቦ ለአቅራቢያው ፖሊስ ወዲያውኑ ማመልከት ይችላል።

8. የተከራይ ግዴታዎች

መብት ያለ ግዴታ አይቆምም። ተከራይ ኪራዩን በተስማማበት ቀን መክፈል፣ ቤቱን እንደ ራሱ ንብረት በጥንቃቄ መያዝ፣ ለተከራየበት ዓላማ ብቻ መጠቀምና የጎረቤትን ሰላም ማክበር አለበት። በአጠቃቀም የሚበላሹ ትንንሽ ነገሮችን መጠገን በአብዛኛው የተከራዩ ድርሻ ሲሆን፣ የጣሪያ ማፍሰስን፣ የግድግዳ መሰንጠቅንና የመሳሰሉትን ዋና ዋና ጥገናዎች የማድረግ ኃላፊነት የአከራዩ ነው። ተከራዩ ከአከራዩ ፈቃድ ሳይቀበል ቤቱን ማፍረስ፣ መከፋፈል ወይም ተጨማሪ ግንባታ ማድረግ አይችልም። ሲለቅም ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ፣ ከተፈጥሯዊ እርጅና በስተቀር፣ ማስረከብ ይጠበቅበታል።

9. ለአከራዮች

አዋጁ አከራይን ለመቅጣት የወጣ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ቤት ያከራየ ዜጋ በአብዛኛው በጡረታ ላይ የሚተዳደር አባት፣ ልጆቿን በግቢዋ ባሉ ክፍሎች ኪራይ የምታሳድግ እናት ወይም ዕድሜ ልክ አጠራቅሞ ቤት የሠራ ሠራተኛ ነው። የተመዘገበ ውል ኪራይ ሳይከፍል የሚቀመጥን ወይም ቤት ያበላሸን ተከራይ በሕግ ለመጠየቅ ዋነኛ ማስረጃ ነው። በባንክ የሚከፈል ኪራይም ገቢን በግልጽ ያሳያል።

ከኪራይ የሚገኝ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» መሠረት ግብር የሚከፈልበት ሲሆን፣ ግብር የመክፈል ግዴታው የአከራዩ ነው። ግብሩን ምክንያት በማድረግ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ኪራይ መጨመር አይፈቀድም።

10. በቃል ተስማምተው የሚኖሩ ተከራዮች ምን ያድርጉ?

በቱላም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ ተከራዮች ለዓመታት የኖሩት በቃል ስምምነት ነው። በመተማመን የተጀመረ ግንኙነት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን አከራዩ ሲሞት፣ ቤቱ ሲሸጥ ወይም አለመግባባት ሲፈጠር የቃል ስምምነትን ማስረዳት ይከብዳል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ተከራይ የሚከተለውን ቢያደርግ ይመከራል።

አንደኛ፣ አከራዩን በአክብሮት አነጋግሮ ያለውን ስምምነት በጽሑፍ እንዲያሰፍሩት መጠየቅ። «ጋሼ፣ ለሁለታችንም ማስረጃ እንዲሆነን በወረቀት እናስፍረው» ማለት አለመተማመን ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሁለተኛ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ኪራዩን በባንክ ወይም በሞባይል መክፈል መጀመር። ሦስተኛ፣ በቤቱ መኖርን የሚያሳዩ ማስረጃዎችን ማሰባሰብ፤ የቀድሞ ደረሰኞች፣ የስልክ መልእክቶች፣ የጎረቤት ምስክርነትና ከቀበሌ የተሰጠ የነዋሪነት ማስረጃ ጠቃሚ ናቸው። አራተኛ፣ አከራዩ ውል ለመጻፍም ሆነ ለማስመዝገብ ፈቃደኛ ካልሆነ ሁኔታውን ለተቆጣጣሪው አካል ማሳወቅ።

11. ቅሬታ የሚቀርብበት ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ጉዳዩን በንግግር መፍታት ይመረጣል። በሽማግሌ ወይም ሁለቱም ወገኖች በሚያከብሩት ጎረቤት አማካይነት የሚደረግ ዕርቅ ግንኙነቱን ሳያበላሽ መፍትሔ ሊያስገኝ ይችላል። የደረሱበትን ስምምነት ግን በጽሑፍ ያስፍሩ።

በንግግር ካልተፈታ፣ ተቆጣጣሪው አካል ወደተቋቋመበት ክፍል ወይም ወደ ቀበሌና ክፍለ ከተማ አስተዳደር የጽሑፍ አቤቱታ ይቅረብ። አቤቱታው አጭር፣ ቀንና መጠን የተጠቀሰበት፣ የውሉና የክፍያ ማስረጃዎቹ ቅጂ የተያያዙበት መሆን አለበት። ያቀረቡበትን ቀን የሚያሳይ የገቢ ማኅተም በራስዎ ቅጂ ላይ ያስመቱ።

በአስተዳደር መንገድ ካልተፈታ ጉዳዩ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡ ማዕከላት እገዛ መጠየቅ ይችላሉ። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል ነው።

12. በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አከራዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ እንደሚሆን ነግሮኛል። መልቀቅ አለብኝ?
መልስ፦ የውል ዘመንዎ ካላለቀ በውሉ ላይ ያለው ኪራይ ይጸናል። አዋጁ ተፈጻሚ በሆነበት ከተማ ደግሞ ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜና ይፋ በተደረገው ጣሪያ ልክ ብቻ ነው። የቀድሞውን ኪራይ በወቅቱ እየከፈሉ አቤቱታዎን ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ውል የተፈራረምነው ለስድስት ወር ነው። ይጸናል?
መልስ፦ አዋጁ ተፈጻሚ በሆነበት ከተማ ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ለምዝገባ ሲቀርቡ ዘመኑ በዚሁ መሠረት እንዲስተካከል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ቀድሜ ከፍያለሁ። በመጀመሪያው ወር ደግሞ ኪራይ እከፍላለሁ?
መልስ፦ በቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ ከየትኞቹ ወሮች ኪራይ ጋር እንደሚታሰብ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ዛሬውኑ በስምምነት ያስፍሩት።

ጥያቄ፦ ልጅ ስለወለድኩ አከራዬ ቤቱን እንድለቅ ጠይቆኛል።
መልስ፦ ልጅ መውለድ ውልን ለማቋረጥ በሕግ ከተቀመጡት ምክንያቶች መካከል አይደለም።

ማጠቃለያ

የቤት ኪራይ የሁለት ሰዎች ስምምነት ቢሆንም ውጤቱ የመላ ቤተሰብን ኑሮ ይነካል። ሕጉ ለተከራይ የተረጋጋ የውል ዘመንና ገደብ ያለው ጭማሪ፣ ለአከራይ ደግሞ ወቅቱን የጠበቀ ክፍያና የንብረት ጥበቃ ያረጋግጣል። ሁለቱም ግን በወረቀት ላይ ካልሰፈሩና ካልተመዘገቡ ለማስፈጸም አዳጋች ናቸው። ስለሆነም የቱላና የአካባቢው ነዋሪዎች ውላቸውን በጽሑፍ እንዲያደርጉ፣ በወቅቱ እንዲያስመዘግቡ፣ ኪራይን በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፍሉና ማስረጃዎቻቸውን በአንድ ቦታ እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን። ለበለጠ ማብራሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው የቀበሌ ወይም የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።